ዳልጊቴ ድመት አልነበራትም

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነው የሰማሁት። ጉልበቴ ቁልቁለቱን እምቢ ካለኝ ወዲህ ላይኛው ከተማ ሴቻ፣ ልጄ ቤት ነው የምኖረው። ወደ ሲቀላ የምወርደው አልፎ አልፎ በባጃጅ ስለሆነ የድሮ ሰፈሬን ወሬ ከሰው ኋላ እሰማለሁ።

«እማማ ዘነበች፣ ያቺ ድመት የነበራት ሴትዮ ማረፏን ሰምተዋል?» አለችኝ ሽንኩርት ሻጯ።

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«ሸክላ ሠሪዋ ነቻ! ድመት የምትወደዋ። ትናንት ነው የቀበሯት።»

የመረጥኩትን ሽንኩርት መልሼ ዘረገፍኩት። ሞቷ አስደነገጠኝ፣ ቀብሯ ላይ አለመድረሴም አንገበገበኝ። ከሁሉ በላይ ግን ያናደደኝ ያ አጠራር ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሠርታ ኖራ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት ተናግራ፣ ስትሞት «ድመት የነበራት ሴትዮ» ሆና ልትቀር ነው።

ዳልጊቴ ድመት አልነበራትም። ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ድመት ኖሯት ቢሆን ማንም ምንም ባላላት ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያየሁትን ግን አልረሳም። ሰው እንዳሻው ከሚያወራት እኔው ልጻፍላት።

ወደ ሰፈራችን የመጣችው በሚሌኒየሙ ሰሞን ነው። ያኔ ጀሪካን እንስራን እያባረረ ነበር፤ ብረት ድስትም በየቤቱ ገብቶ ነበር። እሷ ግን የጭቃ ጆንያ አዝላ መጣች። ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ የወንድ ክንድ የሚያክል፣ አገጯን ከፍ አድርጋ የምትራመድ ሴት ነበረች። ሰው ሲያናግራት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። መልስ ከመስጠቷ በፊት ጭቃ ባይኖርበትም እጇን ጉልበቷ ላይ ትጠርጋለች። ይህን ስታደርግ ካየሁ የሚመጣው ቃል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አገሯ ደጋው፣ ከገረሴ በላይ ነው። እኔም የገረሴ ልጅ ስለሆንኩ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። በእኛ ደጋ ሸክላ ሠሪ መሬት አልነበረውም። እሱ ገበሬ ቤት አይገባም፣ ገበሬም እሱ ቤት አይገባም። ሲሞት እንኳ መቃብሩ ለብቻው ነበር። የሚጠሩበት ቃል አለ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ከእኔ እጅ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ደጋ ላይ ቀርቷል ይባላል። አልቀረም። ከቆጮውና ከድንቹ ጋር በአይሱዙ ተጭኖ አርባ ምንጭ ወርዷል።

የተከራየችው ወይዘሮ አበበች ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ጀርባ ያለችውን የጭቃ ክፍል ነው። አበበች ባሏ የሞተባት፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ስታከራያት የማን ዘር ነሽ ብላ አልጠየቀቻትም። ሥራዋን ስታይ ግን የምታደርገው ጠፋት። አላስወጣቻትም፤ ቤቷም አልገባችም። ኪራይ የምትቀበለው የበሩ ደፍ ላይ ቆማ፣ እጇን ብቻ ወደ ውስጥ ዘርግታ ነበር። ሌላውም ሰው እንደዚያው ውጭ ቆሞ «ያንን አሳዪኝ፣ ይሄኛውን አንኳኪልኝ» እያለ ይገዛል። ሽሮ በእሷ ድስት ካልተሠራ አይጥመኝም የሚሉ ነበሩ። እነሱም ቢሆኑ ደፉን አያልፉም።

እኔ የገባሁት ልጣላ ነው። ከእሷ የገዛሁት ድስት ገና እሳት ሳይለምድ ተሰነጠቀብኝ። ተሸክሜው ሄጄ ደጇ ላይ ጮህኩ።

«ይሄ ምንድን ነው? ድስት ነው ወይስ ወንፊት?»

ተቀበለችኝ፣ በጣቷ አንኳኳችው፣ ጆሮዋን አስጠጋች። እጇን ጉልበቷ ላይ ጠረገች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ነፋስ ባለበት ቀን ነው ያቃጠልኩት። ሌላ ምረጪ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከነጋዴ ጋር ስጨቃጨቅ ኖሬያለሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ያለኝ ግን አላጋጠመኝም። ለጠብ ያዘጋጀሁት አፌ ሥራ ፈታ። ጎንበስ ብዬ ገባሁና የእንጨት ዱካዋ ላይ ተቀመጥኩ። ግቢም አላለችኝ፣ ውጪም አላለችኝ፤ ጭቃዋን መርገጧን ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ ያ ዱካ የኔ ሆነ። ኩርኩፋም ከእጇ በላሁ፤ በቆሎውን ድብልብል አድርጋ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ስትቀቅለው የሚስተካከላት አልነበረም።

ከአበበች ግቢ ቀጥሎ ያለው የአቶ ታደለ ነው። ታደለ የአበበች ሟች ባል ወንድም፣ የእህል ነጋዴ ነው። መጋዘኑ አይጥ ስለበዛበት አንዲት ዥንጉርጉር ድመት አመጣና ሚሚ አላት። ምግብ አይሰጣትም። «ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ይላል። የሚጠራት ጆንያ የሚሸከሙለትን ሰዎች በሚጠራበት ድምፅ ነው፤ «ሚሚ! ነይ እዚህ!» ካልመጣች ማጅራቷን ይዞ፣ አንጠልጥሎ መጋዘን ውስጥ ይወረውራታል። ድመት እንደ ውሻ፣ ጌታዋ ሲጣራ ጅራቷን እየቆላች የምትሮጥ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ሚሚ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ሾልካ መጥታ ዳልጊቴ ደጅ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ዱካዬ ላይ ነበርኩ።

«አትጠሪያትም?» አልኳት።

«የሰው ናት።»

«እሺ፣ ታዲያ አታባርሪያትም?»

«ምን አደረገችኝ?»

ዳልጊቴ ማለት ይህች ናት።

ድመቷ ተመላለሰች። መጀመሪያ ደፉ ላይ፣ ቀጥሎ በሩ ጥግ፣ ቀጥሎ ከማሰሮዎቹ መሀል ትቀመጥ ጀመር። ዳልጊቴ አትጠራትም፣ አትነካትም፣ ትክ ብላም አታያትም። ዓይን ለዓይን ከተጋጠሙ ዳልጊቴ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ትከድናለች፣ ቀስ አድርጋ ትገልጣለች። ድመቷም እንደዚያው። ሁለት ባልቴቶች ከሩቅ እጅ የሚነሣሡ ይመስሉ ነበር።

«ምን እየተባባላችሁ ነው?» እላታለሁ።

«ምንም። አልነካሽም ነው የምላት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«እናያለን አለች።»

ከዚያ ጅራቷ ተለወጠ። ስትገባ ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች፤ ጫፉን እንደ ጃንጥላ እጀታ ትቆለምመዋለች። ጭንቅላቷን የዳልጊቴ ቁርጭምጭሚት ላይ ታሻሽ ጀመር። በመጨረሻ ዳልጊቴ ልትተነፍስ ቁጭ ስትል ዘላ ጭኗ ላይ ወጣች፤ በፊት እግሮቿ ቀሚሷን ተራ በተራ መርገጥ ያዘች። ዳልጊቴ ጮክ ብላ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«እያት! እሷም ሸክላ ሠሪ ናት! ጭቃ እየረገጠች ነው!»

ድመቷ ዓይኗን ጨፍና ጉር ጉር እያለች ዳዊቷን ትደግማለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ዳልጊቴ ጴንጤ ነበረች።

«ይቺ ድመት የኛ ናት» አልኳት። «አትሰሚም? ዳዊት እየደገመች እኮ ነው።»

«ትድገም። የኛም መጽሐፍ ውስጥ ዳዊት አለ» አለችኝ።

ወባ የያዛት ጊዜ ድመቷ ከእግሯ ሥር አልተነሣችም። ዳልጊቴ ከብርድ ልብሱ ሥር ትንቀጠቀጣለች፣ ድመቷ እንደ ጥቅል ጨርቅ እግሯ ላይ ተለጥፋለች። «አየሽ፣ እንስሳ እንኳ አዘነችልሽ» ስላት ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «ሙቀቴን ነው የምትፈልገው፤ ትውሰድ፣ በዝቶብኛል» አለችኝ። እንዲህ ነበረች። ያልተሰጣትን ፍቅር ተሰጠኝ አትልም።

ሌላም የገረመኝ ነገር ነበር። ሚሚ ተኝታ ሳለ እኔ «ውሮ፣ ውሮ» ብላት አትነቃነቅም። ታደለ ከአጥር ማዶ «ሚሚ!» ሲል ግን ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ ድምፁ ይዞራሉ። ዓይኗን አትገልጥም፣ ከተኛችበትም አትነሣም፤ ጆሮ ብቻ። ዳልጊቴ ስታስል ደግሞ የጅራቷ ጫፍ ነቅነቅ ይላል።

«ስሟን ታውቃለች እኮ!» አልኩ። «ታዲያ ለምን አትሄድለትም?»

«ትሰማዋለች። መስማትና መታዘዝ አንድ ስለሚመስለው ነው የሚናደደው።» ጭቃዋን እየረገጠች፣ «እኔንም በዚያ ቃል ሲጠሩኝ ኖረዋል። እሰማ ነበር» አለች።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ዳልጊቴ ድመቷን ለማስቀረት አንድ ቀን አልሞከረችም። ታደለ ሲፈልጋት አቅፋ ትወስድለትና በሩ ላይ ቆማ «ድመትህ» ትለዋለች። መሬት ላይ ታስቀምጣትና ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ሚሚ ከመጋዘኑ አንድ ወፍራም አይጥ ይዛ መጥታ ዳልጊቴ እግር ሥር አኖረችላት። ዳልጊቴ አይጡን በጅራቱ ይዛ ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ከታደለ ቤት የመጣ ነው። ልመልስለት።»

ወስዳ «አይጥህ» አለችው። እኔ አጥሩን ተደግፌ እስክታመም ሳቅኩ። ታደለ ግን አልሳቀም።

የሰፈሩ ነገር የተበላሸው አንድ ቅዳሜ ነው። ታደለ ድመቷ ከዳልጊቴ እቅፍ ስትወርድ ትክ ብሎ አየ። እስከዚያ ድረስ በሐሳቡ ያልመጣለት ነገር በዚያች ደቂቃ መጣለት መሰለኝ። መጋዘን ውስጥ ሰው የሚበላው እህል አለ፣ ሸክላ ሠሪ ያቀፈችው ድመት እህሉ ላይ ልትመላለስ ነው። ስለዚህ ታደለ ድመቷን አጠባት።

አልዋሸሁም። በሳፋ ውሃ፣ በልብስ ሳሙና፣ ድመት አጠበ። ጩኸቷ እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር። እሱ ክንዱ ተቧጭሮ፣ ሸሚዙ ተተርትሮ ቀረ፤ እሷ በአረፋ እንደተለወሰች የአበበች ማንጎ ላይ ወጣች።

በአጥሩ ላይ አንገቴን ብቅ አድርጌ፣ «ታደለ፣ ምን አድርጋህ ነው?» አልኩት።

«እኔ ንጹሕ እህል ነው የምሸጠው፣ እማማ ዘነበች!»

«አይጥ የሚጨፍርበትን?»

«እርስዎ ድመት አጥበው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ለዚህ ነው ድመት የማትሸሸኝ።»

ደገመው ደግሞ። ዳልጊቴ በመለሰችለት ቁጥር ያጥባታል። ከዚያ ወዲያ ሚሚ የታደለን የነጠላ ጫማ ኮሽታ ከሰማች ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ እብስ ትላለች። መጋዘኑን ጨርሳ ተወችው። አይጡ ተራባ፣ ጆንያው ተቀደደ፣ በቆሎው ፈሰሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ምክንያቱን ከሳሙናው ይፈልግ ነበር። ታደለ ከዳልጊቴ ዓይን ፈለገው።

«ዓይኗን አይታችኋል?» ማለት ጀመረ። «ቀስ አድርጋ ነው የምትከድነው። እንስሳዋን ያሰረችው በዚያ ነው። ዛሬ ድመት ነው፣ ነገ ልጅ ነው።»

ልጅ የምትለዋ ቃል ሥራዋን ሠራች። እናቶች ልጆቻቸውን በሌላ በኩል ማሳለፍ ያዙ፤ ድስት ገዢውም ሳሳ። ታደለ አበበችን፣ «ይህች ሴት ከወንድሜ ግቢ ትውጣልኝ። አለዚያ እኔና አንቺ ዘመድ አይደለንም» አላት። አበበች እንደ ልማዷ ዝም አለች። ዝምታዋን ታደለ እሺታ አድርጎ ያዘው፤ እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ዳልጊቴ ከዚያ በፊትም ከሌሎች ግቢዎች እንድትወጣ ተደርጋለች። «ሌላ ቤት እንፈልግልሻለን፤ ሴቻም ቢሆን» አልኳት። እጇን ጉልበቷ ላይ ጠረገች።

«የቸገረኝ ቤት አይደለም። ቤት ይገኛል። አዲስ ቤት ከገባሁ በኋላ ሰው ምን እንደሆንኩ እስኪያውቅ መጠበቁ ነው የሰለቸኝ። ዛሬ ያውቁ ይሆን፣ ነገ ያውቁ ይሆን እያልኩ መተኛት። እዚህ አውቀውኛል። እንዳወቁኝ እዚሁ ልኑር።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ቤት የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ኦይቻ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ልባቸው ደግ ሰው። የደጋውን ሥርዓት ይወዳሉ። ደጋ ላይ ሸንጎ የሚቀመጥበት ሜዳ ዱቡሻ ይባላል። እዚያ ሰው የሚናገረው ቆሞ ነው፤ እስኪጨርስም ማንም አያቋርጠውም። በመጨረሻ ሽማግሌው እርጥብ ሣር ይዞ ያስታርቃል። ጋሽ ኦይቻ ይህን ሥርዓት አምጥተው አበበች ማንጎ ሥር ተከሉት። አንድ ነገር ግን የደጋ ሰው የሆንን ሁሉ እያወቅን አላነሣነውም። በዱቡሻ ላይ ሸክላ ሠሪ ቆሞ አይናገርም ነበር።

እሑድ ከሰዓት ነው። የቤተ ክርስቲያኑም የጸሎት ቤቱም ሰው ምሳውን በልቶ መጥቷል። ታደለ ቆሞ ከሰሰ። ድመቴን ነጠቀችኝ፣ ዓይኗ ደግ አይደለም፣ ከዚህ ግቢ ትውጣ አለ። ጋሽ ኦይቻ ጢማቸውን ዳበሱ።

«ምን ያጨቃጭቀናል? ድመቷ ትምጣ። ሁለቱም ይጥሯት። ለማን እንደምትታዘዝ እናያለና!»

ሰው ሳቀ፤ ወደደውም። እኔ ግን ተነሣሁ።

«ጋሽ ኦይቻ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ታደለ፣ ድመቷ ወደ ዳልጊቴ ብትሄድስ?»

«መተቷ ያዘ ማለት ነዋ!»

«ወደ አንተ ብትመጣስ?»

«ሰርቃኝ ነበር ማለት ነው። ባለቤቷን አወቀች።»

«ወደ ሁለታችሁም ባትሄድስ?»

ታደለ ትንሽ አሰበ። «አፍዝዛታለች ማለት ነው።»

«እንግዲህ ዳልጊቴ የምትረታው በየትኛው ነው? ንገሩኝና ልቀመጥ።»

ከኋላ አንዱ፣ «ድመቷ ራሷ ከተናገረች ነው!» ብሎ ሰውን አሳቀ። ጋሽ ኦይቻም እየሳቁ፣ «ወይዘሮ ዘነበች፣ ይቀመጡ እባክዎ፤ እስቲ ይታይ» አሉኝ።

«ተቀምጫለሁ፤ አልተስማማሁም» አልኩ።

ታደለ ሚሚን ያመጣት በጆንያ ነው። አፉን ሲፈታው እንደ ጥይት ወጥታ አግዳሚ ወንበሩ ሥር ተወሸቀች። ታደለ አንድ ቁራጭ ዓሣ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ተንበረከከ።

«ሚሚ! ሚሚዬ! ነይ የኔ ቆንጆ! ነይ የኔ እመቤት!»

«እንዲህ እያልክ ብትጠራት ኖሮ ዛሬ እዚህ አንሰበሰብም ነበር» አለው አንዱ።

ሁላችንም አጎንብሰን አግዳሚው ሥር አየን። ሚሚ አልተነቃነቀችም። ጆሮዎቿ ግን ወደ ታደለ ዞሩ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተለጠፉ።

«ሰምታዋለች!» አሉ ጋሽ ኦይቻ።

«ሰምታማ ነው የማትመጣው!» አልኩ ከተቀመጥኩበት። ተቆጡኝ፤ እኔም ተቆጣሁ።

«በይ ዳልጊቴ፣ ተራሽ ነው» አሉ።

ዳልጊቴ ተነሣች። የሥራ ቀሚሷን አልቀየረችም። መሀል ድረስ ሄዳ፣ ሰው ቆሞ በሚናገርበት ቦታ ላይ ቆመች። እጇን ጉልበቷ ላይ ጠረገች።

«አልጠራትም።»

«ምነው?»

«ድመቷ የታደለ ናት። ከመጀመሪያው ቀን ብያለሁ። ብትመጣ አላባርራትም፣ ባትመጣ አልጠራትም። እዚህ መኖር አለመኖሬን ግን ድመት አትፈርድልኝም። እኔ ሰው ነኝ። ልታስወጡኝ ከፈለጋችሁ በራሳችሁ አፍ አስወጡኝ። በድመት አታሳብቡ።»

ፊቷን ወደ ተቀመጠው ሰው አዞረች።

«የተሰበሰባችሁት ለድመት አይደለም። ድመት በታደለ ቤትና በኔ ቤት መሀል ስትመላለስ አያችሁ። ነገ ሰው ቢመላለስስ ብላችሁ ፈራችሁ። ዛሬ ምሳሽን በምን ድስት ሠራሽ? አንቺስ? አንተስ፣ ሚስትህ በምን ሠራችልህ? ድስቱን የሠራሁት በዚህ እጅ ነው። ጭቃውን የረገጥኩት በዚህ እግር ነው። ወጡን ስትበሉ ሳሙና አላስፈለጋችሁም። እጄ የሠራው ላይ ከበላችሁ፣ ደጄን ምን ትፈሩታላችሁ?»

ታደለ ሥርዓቱን ረስቶ ከተቀመጠበት ጮኸ። «ሰማችሁ? ደጋ ቢሆን ይቺ ሴት እንዲህ ቆማ ትናገር ነበር?»

«አልናገርም ነበር» አለች ዳልጊቴ። «ለዚህ ነው የወረድኩት።»

አገጯን እንዳነሣች በሰው መሀል አቋርጣ ወደ ክፍሏ ሄደች። በአጠገቤ ስታልፍ፣ «እርጥብ ማሰሮዬን ፀሐይ አገኘው» አለች።

ይሄኔ ሚሚ ከአግዳሚው ሥር ወጣች። ዓሣዋን አፈፍ አደረገች፣ የታደለን እግር ዘላ አለፈች፣ ማንም ሳይነካት አጥር ላይ ወጥታ ወረደች። የወረደችው የታደለም የአበበችም ግቢ ባልሆነው በኩል፣ መንገዱ ላይ ነው። ሰው የሳቅ ምክንያት ቸግሮት ስለነበር በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ኦይቻ ሣራቸውን ይዘው ቀሩ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚያስታርቁ የጠፋቸው መሰሉ።

ሳቁ ታደለን አቃጠለው። «አበበች!» አለ። «ድመት ብትታዘዝም ባትታዘዝም ግቢው የወንድሜ ነው። ትውጣ በያት!»

አበበች ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች። ከተቀመጥነው ሁሉ ትንሿ እሷ ነበረች።

«ግቢው የኔ ነው» አለች።

ድምፅዋ ስለሚያንስ የኋለኞቹ «ምን አለች? ምን አለች?» ይባባሉ ጀመር።

«አትወጣም» አለች፤ አሁንም በዚያው ድምፅ።

አበበች መራመድ ጀመረች። ወደ ራሷ ቤት የምትሄድ መስሎን ነበር። የራሷን በር አለፈችው። ማንጎውን ዞረች። እኔ ጉልበቴን ረስቼ ተከተልኳት፤ ሌላው ሰው ባለበት ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል።

የዳልጊቴ በር ክፍት ነበር። ኪራይ የምትቀበልበት ደፍ ላይ ስትደርስ አበበች ቆመች። ውስጥ ዳልጊቴ ጀርባዋን ሰጥታ ማሰሮዎቿን አንድ በአንድ በበሩ ከሚገባው ፀሐይ ወደ ጥላ ታሸጋግራለች። ግቢ የሚላት አልነበረም።

አበበች ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ አለችና ገባች።

ዳልጊቴ ቀና አላለችም። እጇም ከማሰሮው አልተነሣም።

«እግርሽን» አለቻት፣ «ያኛው ማሰሮ ገና አልደረቀም።»